ኪኒኑን ካቆምኩ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛ ቀኔ

ሰኞ፣ 211ኛ ቀን

ሐኪሙ ጻፊ ስላለኝ ነው የምጽፈው። "የሚሰማሽን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፊው፤ መልክ ይይዝልሻል" አለኝ። ምን ተብሎ ይጻፋል? የሚሰማኝ ነገር የለም። ይኸው፣ ጻፍኩ።

እሺ፣ ከሥሩ ልጀምር። ከጀርባ ቀዶ ጥገና በኋላ የታዘዘልኝን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አራት ዓመት ሙሉ ዋጥኩ። ሕመሙ የቆመው በሁለተኛው ወር ነበር። ፋርማሲስት ነኝ፤ መደርደሪያው በእጄ ነበር፤ ሌላውን መናገር አያስፈልግም። አሁን የሙያ ፈቃዴ ታግዷል። በታላቅ እህቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እቀበላለሁ፣ ኪስ እፈትሻለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ። ኪኒኑን ከተውኩ ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።

ያየኝ ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይለኛል። ደስ ያላቸው እነሱ ናቸው። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ማክሰኞ፣ 212ኛ

የሁለት ሰው ሸሚዝ አቀያየርኩ። እትዬ ደንበኛው ፊት ሳቀች። ደንበኛው ሲወጣ አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ 214ኛ

የስንት መድኃኒት ስም፣ መጠን፣ አብሮት የማይወሰደውን ጭምር በቃሌ ስል የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ "ሠላሳ ስምንት" የሚል ቁጥር ከመቀበያው እስከ መስቀያው ድረስ ይዤ መሄድ አቃተኝ። አሥር እርምጃ ነው። መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"ሠላሳ ስምንት" አለኝ ጄኔራል ዞር ሳይል። ጄኔራል የምንለው ልብስ ተኳሻችንን ነው፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ግን ካውያውን ይዞ ሲቆም ሰልፍ የሚጎበኝ ነው የሚመስለው። ውለታ ነው የዋለልኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "አውቃለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት። ካውያውን አስቀመጠና "እመቤት፣ ማወቅሽን ማን ከለከለሽ?" አለኝ፤ ተመልሶ ወደ ኮሌታው።

ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ነገ።

ሰኞ፣ 218ኛ

እትዬ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። ከተንጠለጠሉት ልብሶች ጀርባ እንዳለሁ አላወቀችም። ማሽኑ ሲዞር ሰው ድምፁ የማይሰማ ይመስለዋል።

"ተወችው፣ አዎ፣ ተመስገን ነው። ግን ምን ልበልሽ... ኪኒኑ ሲወጣ እሷንም ይዟት የወጣ ነው የሚመስለው።"

በላስቲክ የተሸፈነ የሠርግ ልብስ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ትንሽ ቆየሁ። አላለቀስኩም። ማልቀስማ ቢመጣ በምን ዕድሌ።

ጄኔራልን ይቅርታ አልጠየቅሁም። እሱ ረስቶታል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ 221ኛ

ከሐኪሙ ዘንድ ነበርኩ።

"ሰባት ወር አለፈኝ፤ መቼ ነው የምድነው?" አልኩት።

"ድነሻል እኮ።"

"መዳን ይሄ ከሆነ በሽታው ምን ነበረው?"

አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ራሱ ያበሽቀኛል። ወንበሩን ጠጋ አድርጎ "አንጎልሽ አራት ዓመት ሙሉ ደስታን ከውጭ ሲያስመጣ ኖረ" አለ። "የራሱን ፋብሪካ ዘጋ ማለት ነው። አሁን ከውጭ የሚመጣው ቆሟል፤ ፋብሪካው ግን በአንድ ጠዋት አይከፈትም። ሠራተኛው ተበትኗል፣ ማሽኑ ዝጓል።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ከሰው ሰው ይለያያል። ለአንዳንዱ ዓመት፣ ለአንዳንዱ ከዚያም በላይ። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚሄደው፤ ደህና ሳምንት ይመጣል፣ ከዚያ ያለ ምክንያት ክፉ ሳምንት። መነጫነጩ፣ መርሳቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምንም ነገር አልጥም ማለቱ... የሚጠበቅ ነው።"

የሚጠበቅ ነው! ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ባንኮኒ ማዶ ለቆሙ ሰዎች ስንቴ ብያታለሁ። "የሚጠበቅ ነው፣ ያልፋል፣ ውኃ ጠጡ።" እንዴት አፍ ላይ ቀላል ነበረች። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ "አንቺ ደርሶብሽ ያውቃል?" ብሎኝ ነበር። የቀጣዩን ሰው ተራ ቁጥር ጠራሁ።

እሑድ፣ 224ኛ

ልጄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። በትምህርት ቤቷ የሳይንስ ውድድር ከእንጨት ስንጥር የሠራችው ድልድይ አሥራ ሁለት ኪሎ ተሸክሞ አንደኛ ወጣች። ዛሬ ይዛው መጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቄያለሁ። ማወቁ ነበር። ከማወቅ ወደ ደስ መሰኘት የሚያሻግረው ነገር ነው የጠፋው። ጉንጮቼን ወደ ላይ ሳብኩ። "ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!" አልኩ። ትንሽ ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ ዕቃ ሲወድቅ ካዩ በኋላ እንደሚጮኹት።

"አትልፊ፣ እማ" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ምንም። በፊት እኮ ትስቂ ነበር።"

ድልድይዋን አንስታ ክፍሏ ገባች። አባቷ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ሁልጊዜ እንደሚያየኝ፦ መጀመሪያ የዓይኔን ብሌን፣ ከዚያ ፊቴን። "ደክሞሽ ነው?" አለ።

በፊት ማለት መቼ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ረቡዕ፣ 227ኛ

አንድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት መጣ። እኔ ምሳ ላይ ሳለሁ እትዬ ናት የተቀበለችው። ኪሱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። የውስጥ ኪስ ውስጥ አንድ እሽግ ኪኒን። ብርማ ወረቀቱን ጣቴ ከጆሮዬ ቀድሞ ሰማው። ያው ራሱ ነው፤ ያው ስም፣ ያው መጠን። ከአሥሩ ሦስቱ ተበልተዋል። ሰባት ቀርተዋል።

የተገኘ ዕቃ የሚቀመጥበት መሳቢያ አለን፤ ቁልፍ፣ መነጽር፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቶ ባለቤቱ አፉን በእጁ ሸፍኖ መጥቶ ወሰደው ይላል ጄኔራል። እዚያ አስገባሁት። ባለቤቱ ሲመጣ ይሰጠዋል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። እስክሪብቶው ቀለም ጨርሶ ነበር።

ሐሙስ፣ 228ኛ

የካፖርቱ ባለቤት አልመጣም።

ዓርብ፣ 229ኛ

ዛሬም አልመጣም። መሳቢያው ቁልፍ የለውም፤ ማንም ገብቶ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በማይሆን ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ወደ ልብስ መቀየሪያ ሳጥኔ ወሰድኩት።

ሥራው ዛሬ ጥሩ ሄደ። አንድም ቁጥር አልተሳሳትኩም። እትዬ "ይኸው! መጣሽ እኮ!" አለችኝ።

እሑድ፣ 231ኛ

ሳጥኖቹን ሰኞ ጠዋት ጄኔራል ያጸዳቸዋል። እንዳይሳሳት ብዬ ዓርብ ስወጣ ወደ ቦርሳዬ አዛውሬው ነበር። ይህን ለራሴ ግልጽ እንዲሆን ብቻ ነው የምጽፈው።

ሰኞ፣ 232ኛ

መጣ።

ሽማግሌ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል። ደረጃችን ሁለት ብቻ ናት፤ እሷን ለመውጣት በሩን ተደግፈው ትንፋሽ ሰበሰቡ። የግራ ዳሌ ነው፤ ከአካሄዳቸው ይታወቃል።

ካፖርቱን ሰጠኋቸው። ዳብሰው ዳብሰው የውስጥ ኪሱ ላይ እጃቸው ቆመ።

"ልጄ፣ ኪሱ ውስጥ ያገኛችሁት ነገር የለም? ኪኒን ነበረኝ። ለዚች ዳሌ። ሰባት ቀርታኝ ነበር።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ምንም አልነበረም፣ አባት" አልኳቸው።

"አልነበረም?"

አሁንም መመለስ እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና "ኪስ ሁሉ ይፈተሻል፤ ቢኖር እናገኘው ነበር" ብዬ ጨመርኩበት።

ሽማግሌው በራሳቸው ሳቁ። "እንግዲያ ሌላ ቦታ ጥያት ነው። እርጅና እንዲህ ያደርጋል" አሉ። ሐኪማቸው ያለ ቀኑ እንደማይጨምርላቸው ነገሩኝ። ለምን እንደነገሩኝ እንጃ፤ ሰው የሚያምነው ሰው ሲያገኝ ያወራል።

ጄኔራል ከካውያው ቀና አላለም። እንፋሎቱ ብዙ ነበር።

ማክሰኞ፣ 233ኛ

ስልካቸው ደረሰኙ ላይ አለ። ነገ እደውላለሁ።

ረቡዕ፣ 234ኛ

ሥራ በዛ። መጋረጃ ብቻ ስልሳ።

ሐሙስ፣ 235ኛ

ባሌ "ደክሞሽ ነው?" አለኝ። ሳህን አልወረወርኩም። ከእጄ ወደቀ። ወደ ግድግዳው በኩል ነው የወደቀው።

ልጄ በሩን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ዓርብ፣ 236ኛ

የላውንደሪው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆጠርኩት። ሰባት ነው። ለማረጋገጥ ነው የቆጠርኩት። አንዱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ብርማው ወረቀት ትንሽ ጎበጠ፣ አልተቀደደም። ልጫነው አስቤ አልነበረም። ጣት የለመደውን ያውቃል።

ጄኔራል አንኳኳ። "እመቤት፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ሃያ ደቂቃ ሆነሽ።"

ሁለት ደቂቃ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ 237ኛ

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈተች። ከማድ ቤት ስወጣ ሳሎን መሀል ቆማ አገኘኋት፤ እሽጉን በሁለት ጣቷ ይዛዋለች፤ የሞተ ነገር እንደሚያዝ። አባቷ ሥራ ነበር።

"ስንት ነበር?" አለችኝ። ድምፅዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ አልነበረም።

"ሰባት።"

አየችው። "አሁንም ሰባት ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ያዝሽው?"

መልስ ነበረኝ። መሳቢያው ቁልፍ የለውም፤ ሳጥኑ ሰኞ ሰኞ ይጸዳል፤ ሥራ በዛ። ሁሉንም እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ከአፌ ግን አንዱም አልወጣ አለ።

"እንዲኖር" አልኳት። "እንዳለ ሳውቅ ቀኑ ያልፍልኛል።"

ቁጭ አለች። "በፊት ትስቂ ነበር ስላልኩሽ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። እውነትሽን ነው ያልሽው፤ ግን በእሱ አይደለም።"

"ጨርሼ አልነገርኩሽም እኮ" አለች፣ ዓይኗን ከእሽጉ ሳትነቅል። "ትስቂ ነበር፤ ግን በምን እንደምትስቂ አላውቅም ነበር። እኔ ሳወራም ትስቂያለሽ፣ ቴሌቪዥኑ ሲያወራም ትስቂያለሽ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ ሳቅሽ።"

ይህን አላስታውስም። ምንም ያህል ብፈልግ የለም። ጉልበቷ ላይ ጠባሳ አለ፤ ከየት እንደመጣ ጠይቄያት አላውቅም።

የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሽማግሌውን፣ ዳሌያቸውን፣ "ምንም አልነበረም፣ አባት" ያልኩትን። ስናገር ሰማሁት። ሲጻፍ እንዲህ አይከብድም።

"ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ። ልክ እኔ እሷን እንደምላት።

ላውንደሪው ሄደን ከደረሰኙ ላይ አድራሻውን አወጣን። እትዬ "ምንድን ነው?" አለች። "ስመለስ እነግርሻለሁ" አልኳት። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እያንዳንዱን ደረጃ ስረግጥ አንድ ዳሌው የሚያመው ሰው እዚህ እንዴት እንደሚወጣ ቆጠርኩ። በሩ እስኪከፈት ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ከዘራው ከሩቅ ሲቀርብ ይሰማል።

"አባት፣ እኔ የላውንደሪዋ ነኝ።"

"ካፖርቱን ወስጃለሁ እኮ፣ ልጄ።"

"ኪኒኑ ኪስዎ ውስጥ ነበር። አውቄ ነው የለም ያልኩዎት።"

ትክ ብለው አዩኝ። "አውቀሽ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"እወስደው ነበር። ለሕመም ሳይሆን እንዲያው። ትቼዋለሁ፤ ሰባት ወር አልፎኛል። ይሄን አልነካሁትም። ይቁጠሩት።"

ቆጠሩት። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አጠለቁና አንድ በአንድ፣ በጥፍራቸው እየነኩ። አንደኛዋ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ የጎበጠበትን አዩት። ልጄም አየችው።

"አሥር ሌሊት ወንበር ላይ ነው ያደርኩት" አሉ። "እሱስ ግድ የለም፣ ሕመም ለምጃለሁ። ራሴን ነው ስጠረጥር የሰነበትኩት። የት ጣልኩት ብዬ ቤቱን ገለባበጥኩት። ለሴት ልጄ ነገርኳት። እሷም 'አባዬ፣ ከእንግዲህማ ብቻህን አትኖርም፤ ዘንግተሃል' አለችኝ። ቤቴን ልታስለቅቀኝ ነው።"

"አባት፣ ይቅርታ—"

"ለእኔ አይደለም።" ስልካቸውን አወጡ፤ ደወሉ፤ ዘረጉልኝ። "አባትሽ አልዘነጋም በያት።"

ከወዲያ "አባዬ?" የሚል የሴት ድምፅ መጣ። እኔ አባቷ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። "አባትዎ አልዘነጉም። ትክክል ነበሩ። ኪኒኑ ካፖርቱ ውስጥ ነበር፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት" አልኩ። ከዚያ "አንቺ ሰው ነሽ?" አለችኝ። ጥያቄው እንዲመለስ አልነበረም የተጠየቀው። ስልኩን መለስኩ።

ሽማግሌው "ሌላ ልብስ አላመጣላችሁም" አሉ። በሩን በኃይል አልዘጉትም። ቀስ አድርገው ነው የዘጉት፤ እሱ ባሰኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ፊቴ መቃጠል ጀመረ። ጆሮዬ ድረስ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መጣ። አለቀስኩ፤ በአፍንጫዬም በአፌም፤ ድምፅ አውጥቼ። አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አይቶን ዘጋ። ልጄ ደንግጣ "እማ! እማ፣ ምን ሆንሽ?" ትለኛለች።

"ያማል" አልኳት።

"ምንሽን?"

"ሁሉንም። ዝም በይኝ፣ ያማል።"

ሰባት ወር ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ደስታን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ኀፍረት ነው። በሩን የከፈተልኝ እሱ ከሆነ ምን እላለሁ።

ሰኞ፣ 239ኛ

ለእትዬ ነገርኳት። ትቆጣለች ያልኩትን ያህል ተቆጣች፤ ከዚያም በላይ። "ደንበኛዬን! እኔ ስም ገንብቼ!" ከዚያ ደግሞ ድምፅዋ ወርዶ "ለምን ያን ዕለት አልነገርሽኝም?" አለች። "'ኪኒኑ እሷንም ይዟት ወጣ' ስላልሽ" አልኳት። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። ሆድ ሲያውቅ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ኪስ የሚፈትሸው ጄኔራል ነው። እኔ ካውያ ላይ ነኝ። በመጀመሪያው ሰዓት የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። ጄኔራል መጥቶ ቢጫውን አየና "ስትቸኩይ ነው። ልብሱ የት ይሄድብሻል?" አለኝ።

"ጄኔራል፣ ያን ቀን ስለጮኽኩብህ ይቅርታ።"

"የትኛውን ቀን?" አለ። "ብዙ ነው እኮ።"

ማክሰኞ፣ 240ኛ

ለባሌ ነገርኩት። አልጮኸም። ዓይኔንም አላየም፤ እጁን አየ። "ልጅቷ ነች ያገኘችው? እኔ በየቀኑ እያየሁሽ?" አለ። ከዚያ ተነስቶ የተሰነጠቀውን ሳህን ከዕቃ ማስቀመጫው አወጣና ጣለው። ማታ ማታ ዓይኔን እንዳይመረምር ለመንኩት። "ታዲያ እንዴት ልወቅ?" አለኝ። "ጠይቀኝ" አልኩት። "'ደክሞሽ ነው' ሳይሆን ራሱን ጥያቄውን ጠይቀኝ።"

ጠየቀኝ። አልወሰድኩም አልኩት። እውነት ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም።

ማክሰኞ፣ 247ኛ

ክፉ ሳምንት። ያለ ምክንያት። ሁሉም ነገር ካርቶን ካርቶን ይላል። ጄኔራል ያፏጫል፤ ልገለው ምንም አልቀረኝ። ሐኪሙ "የሚጠበቅ ነው" አለኝ። "ይህችን ቃል ዳግም እንዳትላት" አልኩት። "እሺ" ብሎ ከራሱ ደብተር ላይ የሆነ ነገር ሰረዘ።

ሐሙስ፣ 256ኛ

ጠዋት ክፉ ነበርኩ። በካልሲ ተጣላሁ፤ ከሰው ጋር አይደለም፣ ከካልሲ ጋር።

ከሰዓት ልጄን ከትምህርት ቤት ልቀበል ሄድኩ። ዝናብ ያዘንና አውቶቡስ ማቆሚያው ጣራ ሥር ቆምን። ታወራለች። የጂኦግራፊ አስተማሪያቸው ካርታ ሊያመጣ ዕቃ ቤት ገብቶ በሩ ተቆልፎበት፣ ተማሪው ሁሉ አስተማሪው ቀረ ብሎ በደስታ ሲዘፍን፣ እሱ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ዘፈኑን እየሰማ በሩን ሲደበድብ፣ እነሱ ድብደባውን ከበሮ ነው ብለው... እኔ እንደ ልማዴ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጉንጬን መቼ እንደምስብ እየጠበቅሁ። እዚህ ላይ ልጄ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላ ዝም አለች።

"ከዚያስ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ማሰሪያው በእጇ እንዳለ።

"ምን ከዚያስ?"

"ማን ከፈተለት?"

ለማለት ያህል አልነበረም ያልኩት። ማወቅ ፈልጌ ነው። ሰውዬው አሁንም እዚያ ጨለማ ውስጥ ካርታ ታቅፎ ቆሞ ታየኝ።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ትገባላችሁ ወይ በሚል አየን።

"ቆይ" አለችኝ ልጄ፣ "ገና ምኑን አወራሁልሽ።"

አውቶቡሱ ሄደ። እኛ ቆመን ቀረን።